«እኔ የምቀይረው ስወጣ ነው»

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ሐሙስ ምሽት፣ ከሥራ ገብቼ ልብሴን ከቀየርሁ በኋላ የሰማሁት አጭር ንግግር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። የተናገረችው ቤታችን ውስጥ ሰባት ዓመት የሠራች ልጅ ናት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ምሬትም አልሰማሁበትም። የጠየቅኋትን መለሰችልኝ፣ ወደ ምድጃዋ ዞረች፣ በቃ። እኔ ግን ከዚያ ምሽት ወዲህ ቁልፌን በሩ ላይ በሰካሁ ቁጥር ንግግሯ ቀድሞኝ ይገባል።

ነገሩ የቤት ልብስ ነገር ነው። የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሰማያዊ ኮትና ጉርድ ለብሼ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ ብር እቆጥራለሁ። የብር ሽታ እጅ ላይ ብቻ አይቀርም፤ እጅጌ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ከዚያ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ሰው በሰው ላይ የተጫነበት ወንበር አለ፣ መጨረሻ ላይ የኮንዶሚኒየሙ አራት ፎቅ ደረጃ። በር ላይ ጫማዬን አወልቃለሁ፤ ማንንም ሳልስም ቀጥታ መኝታ ቤት እገባለሁ። ኮቱ መስቀያ ላይ፣ ሸሚዙ የሚታጠብ ልብስ ቅርጫት ውስጥ። ከዚያ ክርኑ የሳሳውን ሹራቤንና ሰፊ የጥጥ ቀሚሴን አጠልቃለሁ። በታክሲ ልብስ አልጋ ላይ መቀመጥ ለእኔ በጫማ ማዕድ ላይ እንደ መውጣት ነው። ልጆቼም ያውቁታል፤ ሳልቀይር ሊያቅፉኝ ከሮጡ ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣለሁ፤ ቆመው ይጠብቁኛል። ቀይሬ ስወጣ ግን ሁለቱም ይወድቁብኛል። እፎይ የምለው ያኔ ነው።

ከበሩ ጀርባ ያለው ሚስማር

ይህን ልማድ የወረስሁት ከአባቴ ነው። አባቴ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነበር። ለሥራ የሚለብሰው አንድ ግራጫ ኮት ነበረው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግቢው በር ላይ ይቆምና የእጅጌውን ጠመኔ ያራግፋል፤ ጠመኔው በማታ ፀሐይ ነጭ ጢስ መስሎ ሲበን ዛሬም ይታየኛል። ገብቶ ኮቱን ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ያንጠለጥለዋል፤ አቧራ እንዳይነካው አሮጌ አንሶላ ይጥልበታል። ሱሪውን በመስመሩ አጥፎ ፍራሽ ሥር ያስገባዋል፤ ጠዋት ሲያወጣው የተተኮሰ ይመስላል። ከዚያ ጉልበቱ የተጣፈ ሱሪ ያጠልቅና ጋቢውን ይደርባል። ኮቱን እንደለበሰ የተማሪዎቹ ጋሼ ነበር፤ የእኛ አባባ የሚሆነው ጋቢው ትከሻው ላይ ሲያርፍ ነው። ጥያቄ ካለን፣ እርሳስ ካለቀብን፣ ተጣልተን ከሆነ ያን ጋቢ እንጠብቃለን።

«ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ይል ነበር። እኛ ልጆቹ የምንሰማው ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ነው፤ ልብስ በአያያዝ ነው የሚበረክተው፣ ዩኒፎርማችሁን አውልቁ፣ አለቀ። የመጀመሪያው ክፍል ለእኔ የደረሰኝ በዚህ ዕድሜዬ ነው፤ በኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን አሁን ስለ ቤት ልብስ ሲወራ የሚነሣው ቤትን ከውጭ ቆሻሻ ስለ መጠበቅ ነው። በልጅነቴ ቤት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ልብሱ ነው ከቤት የሚጠበቀው። ከእንጨት ጢስ፣ ከኩበት፣ ከቁሌት፣ ቅባት ከነካው የልጅ እጅ። የክት ልብስ የምንለው ይህንኑ ነው፤ ለብሰውት ወጥተው፣ ሲመለሱ ሳጥን ውስጥ የሚከቱት። እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታጥፍ ጉልቻ አጠገብ አትደርስም ነበር። አሜሪካ የምትኖረው እህቴም ዛሬ ሽንኩርት ልታቁላላ ስትነሣ መጀመሪያ የምታደርገው ኮቶች የተሰቀሉበትን ቁም ሳጥን መዝጋት ነው። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግራም ልብስን ከወጥ መደበቅ አልተወችም።

አያቴ ደግሞ የራሷ ምክንያት ነበራት። ከገበያ ወይም ከለቅሶ የመጣ ሰው ልብሱን ሳያራግፍ መደብ ላይ እንዲቀመጥ አትፈቅድም። ግርሻና ተስቦ ቤት ሲዘጉ ያየች ሴት ናት። ሁለቱንም የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ውሎና አዳሩ ገላ ላይ ሳይሆን ስፌት ውስጥ ነው፤ ይህን ክፍል ውስጥ ያስተማራት ባይኖርም ልብስ ገልብጣ ስፌት ስፌቱን በፈላ ውኃ መቀቀልን ታውቅ ነበር።

እንግዲህ የሦስቱም ሰዎች ልማድ እኔ ላይ ተደርቦ ነው ያደግሁት። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ልማዴ ሕግ ሆነ። በር ላይ ሳሙና የተበጠበጠበት ባልዲ፣ ደረጃው ላይ የሚቀር ጫማ፣ ከደጅ ሳያልፍ የሚወልቅ ኮት። ጎረቤቶቼ ከእኔ እየጠየቁ ሲያደርጉት እኮራ ነበር። በዚያ ሰሞን ያደረግሁት አንድ ሌላ ነገር ግን ዛሬ ሳስበው ያመኛል፤ እመለስበታለሁ።

«የትኛውን ልቀይር?»

ወደዚያ ሐሙስ ምሽት ልመለስ። ቀይሬ ወጥቻለሁ፤ ልጆቹ ላዬ ላይ ናቸው፤ እሷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ማማሰያ ይዛ ቆማ ራት ይቅረብ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። የለበሰችው አረንጓዴ አበባ ያለበት ቀሚስ ነው። ድሮ የእኔ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ የገዛሁት። ደረቱ ላይ የዘይት ጠብታ እንደ ጥላ ተዘርግቷል። የቀኝ እጅጌው ጫፍ በምድጃ ተቃጥሎ በጥቁር ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ጥብቅና የተስተካከለ ነው፤ የሰፋችው እሷ ናት። እንዲህ አተኩሬ አይቼው አላውቅም ነበር። አንጀቴ ተላወሰ። ቸር የሆንሁ መስሎኝ፣

«በቃ ደክሞሻል፤ አንቺም ልብስሽን ቀይሪና አረፍ በይ» አልኋት።

ወደ ቀሚሷ አየች። ከዚያ ወደ እኔ።

«የትኛውን ልቀይር፣ እትዬ? ይኼ እኮ የቤት ልብሴ ነው።»

ዝም አልሁ። እሷም እጇን በቀሚሱ ጫፍ እየጠረገች፣ «እኔ የምቀይረው ስወጣ ነው» አለችና ወጡ እንዳያርባት ተመለሰች።

ሰባት ዓመት ሙሉ እያየሁት ያላየሁት ነገር ነው። እሁድ ጠዋት ልጆቹን ቁርስ አብልታ ስትጨርስ አንድ ፌስታል ይዛ መታጠቢያ ቤት ትገባለች፤ ስትወጣ ሌላ ሰው ናት። ፀጉሯ ተቀብቷል፣ ነጠላዋ ነጭ ነው፣ ጫማዋ ማታውኑ ተወልውሏል። አነጋገሯ እንኳን ይለወጣል፤ ድምጿ ከፍ ይላል፣ ትሥቃለች። ደረጃውን ስትወርድ የእግሯ ኮቴ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ታች ድረስ ይሰማል፤ ቤት ውስጥ ግን ኮቴ የላትም። ማታ ስትመለስ መታጠቢያ ቤት ትገባለች፣ አረንጓዴው ቀሚስ ይመለሳል፣ ድምጿም አብሮ ዝቅ ይላል። እኔ በሩን ገብቼ እፎይ ስል እሷ ያንኑ በር ወጥታ ነው እፎይ የምትለው።

አማርኛችን ይህን አይደብቀውም። «ሰው ቤት ገባች» እንላለን፤ «ሰው ቤት ነው የምትሠራው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ቤቱ የሰው መሆኑን እንጂ ገብታ የምትኖረው ሰው የራሷን ደፍ የት እንዳስቀመጠችው አስቤ አላውቅም። «ቤቴ ገመና ከታቼ» ስንል ቤት ከሰው ዓይን የሚሸሽገን መሆኑን ነው። የእሷ ገመና ያለው ልጆቼ የሚተኙበት አልጋ ሥር በተወሸቀ ሻንጣ ውስጥ ነው። የምትተኛው ከእነሱ ጋር ነው። ሦስት ቁም ሳጥን ባለበት ቤት አንድ መደርደሪያ እንኳን የእሷ አልነበረም። «ልብስሽን ቀይሪ» ያልኋት ልጅ የምትቀይረውም ልብስ፣ የምትቀይርበትም ቦታ፣ ከቀየረች በኋላ የሚጠብቃት ዕረፍትም የላትም። ሦስቱም የእኔ እጅ ላይ ናቸው።

አሁን ወደዚያ ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። በኮሮናው ጊዜ ከመጋቢት እስከ ሰኔ እሁድ እንዳትወጣ ከለከልኋት። ለእሷም ለእኛም ደኅንነት ነው አልሁ፤ ከልቤም አምኜበት ነበር። ግን እኔ በየቀኑ ባንክ እሄድ ነበር፤ የመቶ ሰው እጅ የነካው ብር እቆጥር ነበር፤ በታክሲ እመላለስ ነበር። በሽታው በዚያ በር ቢገባ ይዤው የምገባው እኔ ነበርሁ፤ ከቤት የማትወጣው እሷ ልትሆን አትችልም። ባልዲውንና ሳሙናውን ስደረድር ሒሳቡን እዚህ ድረስ አላደረስሁትም። በግንቦት አንድ ቀን በጊዜ ስመለስ የእሁድ ቀሚሷን ለብሳ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የልጆቹን ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። ደነገጠች። «ሻንጣ ውስጥ እንዳይሸት ብዬ ነው፤ አየር ያግኘው ብዬ» አለችኝ። እኔም እሺ ብዬ አለፍሁ። ለብሶ የሚወጣበት ያጣ ሰው ቢያንስ ለብሶ ሊያጥብ ይችላል ብዬ ለማሰብ አምስት ዓመት ያህል ወሰደብኝ።

ለእኔ ሕግ አለልኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የእኔን ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖልኛል፤ ከዚያ በላይ ከሠራሁ ይከፈለኛል። ያው አዋጅ የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ውስጥ አንድ አንቀጽ ደጋግሜ አነበብሁ። ሠሪዋ በዕረፍት ሰዓቷና በዕረፍት ቀኗ ከቤቱ እንዳትወጣ መገደድ የለባትም ይላል። ይህን ያነበብሁት ማታ፣ በቤት ልብሴ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። ከግድግዳው ማዶ እሷ ገና ሰሃን ታጥብ ነበር።

የእናቴ ቡና

ለብዙ ቀናት እናቴን አስብ ነበር። እናቴ ወጥታ የምትሠራበት ቢሮ አልነበራትም፤ ሥራዋ ቤቱ ነው። ታዲያ መቼ ነበር የምትቀይረው? መልሱ የመጣልኝ በመዓዛ ነው፤ ጎረቤት የሚቆላ ቡና ሸተተኝ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን እናቴ ማድቤቱን ትዘጋለች። በቀዝቃዛ ውኃ ፊቷንና እግሯን ትታጠባለች፤ የደብረ ብርሃን ውኃ አጥንት ይሰብራል፣ ግን አንድም ቀን አሙቃው አላየሁም። ጢስ የጠጣውን ቀሚሷን አውልቃ የነጣ ቀሚስ ትለብሳለች፣ ነጠላዋን ታደርጋለች፣ ከዚያ ረከቦቱን ትዘረጋለች። እስከ በረካው ድረስ እዚያው ናት። ጎረቤቶቿ ይመጣሉ፤ ይመርቃሉ፣ ይተማማሉ፣ አንዳንዴ ያለቅሳሉ። በዚያ ሰዓት ውኃ አምጪ የሚላት አልነበረም፤ አባቴ እንኳን ከጠማው ራሱ ተነሥቶ ነበር የሚቀዳው። እናቴ ከቤት ሳትወጣ ወደ ቤቷ የምትገባበትን ደፍ በቡና ሠርታው ኖሯል። ያን ያህል ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ ቆሎ ስበላ ያየሁት ቡናውን ብቻ ነበር።

የእኛ ቤት ቡና ግን እንዲህ አይደለም። የምታፈላው እሷ ናት፣ በዚያው በአረንጓዴው ቀሚስ። አቦሉን ቀድታ ወጥ ልታይ ትነሣለች፣ ቶናውን ቀድታ ልጅ ልታጥብ ትነሣለች። በረካው ላይ ሦስት ሲኒ እንጂ አራት ቀርቦ አያውቅም፤ የእሷን ወጥ ቤት ቆማ ነው የምትጠጣው። አባቴ ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር ብዬ አሰብሁ። «ካነጋገር ይፈረዳል» የሚለው ያኔ ነው የደረሰኝ። «እኔ የምቀይረው ስወጣ ነው» ስትል ፈርዳብኛለች፤ ፍርዱም ትክክል ነው።

ቢጫው ቀሚስ

ወስኜ ልነግራት አልፈለግሁም፤ ጠየቅኋት። ምን ቢደረግ ይሻልሻል? ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት እየከተፈች፣ ሳታየኝ፣ «ከራት በኋላ የሚጠራኝ ባይኖር» አለች። ጥቂት ቆይታ፣ «ቁልፍ ያለው ነገርም» ብላ ጨመረች።

የልጆቹ ክፍል ውስጥ ካለው ቁም ሳጥን አንዱን በር ባዶ አደረግን፤ ቁልፉ የእሷ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሰሃኑ የእኔና የባለቤቴ ሆነ። ባለቤቴ መጀመሪያ ተነጫነጨ፣ ስድስት ሰዓት ድረስ አወራን፣ አሁን ተራውን ያጥባል። ሁለት ልብስ እንድትገዛም ገንዘብ ሰጠኋት፤ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለራሷ ማታ። አብሬያት ልሄድ አስቤ ነበር፤ ተውሁት። ብሄድ ኖሮ እድፍ የሚችል ግራጫ ነገር አስመርጣት ነበር። እሷ ለብቻዋ መርካቶ ሄዳ የሥራ ሽርጥና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቢጫ ቀሚስ ይዛ መጣች፤ አንገቱ ላይ ትንሽ ነጭ ዳንቴል አለው። ዋጋውን ሳልጠይቃት ነገረችኝ፤ ተከራክራ ማስቀነሷንም ጭምር።

ሁሉም አልተስተካከለም። ደመወዟ ገና ያከራክረናል፤ ልከራከርም አይገባኝም ነበር። አሁንም የምትተኛው ከልጆቹ ጋር ነው፤ የምሰጣት ክፍል የለኝም። ቀኑ አሁንም ረጅም ነው። አረንጓዴውን ቀሚስ ግን ወስጄ ወለል መወልወያ አደረግሁት።

የመጀመሪያው ምሽት ከዓይኔ አይጠፋም። 2 ሰዓት ሲሆን ሽርጧን ፈታች፣ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ብዙ ቆየች። ቢጫውን ለብሳ ወጣችና ሳሎን ውስጥ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ እንግዳ። ምን እንደምታደርግ አላወቀችም፤ እኔም ምን እንደምላት አላወቅሁም። ቴሌቪዥኑ ዜና ያወራል። አምስት ዓመት የሞላት ትንሿ ልጄ ወለሉ ላይ ሥዕል እየሣለች ነበር። ቀና ብላ አየቻት፤ እርሳሷን አስቀመጠች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«የትም።»

«ታዲያ ለምን ቀየርሽ?»

«ሥራ ጨርሼ ነው፤ እዚሁ ነኝ።»

ልጄ አላመነችም። እሷ ስትቀይር ያየችው ስትወጣ ብቻ ነዋ። ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፤ ከጫማዎቹ መካከል የእሁዱን ጫማ ፈልጋ ሁለቱንም አነሣች። ተመልሳ መጥታ ከቢጫው ቀሚስ አጠገብ ተጠግታ ተቀመጠች፤ ጫማውን ታቅፋ። እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ አልለቀቀችውም።